«ሰው አላችሁ ወይ?»

ምረቃችን ሲቃረብ የዘመድ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሰው አላችሁ ወይ?» የለንም ስንል ከንፈር ይመጠጥልናል። ሰው ማለት ግን ቢሮ የተቀመጠ አጎት ብቻ ነው እንዴ?

የአገው ፈረሰኞች ማኅበርን እንመልከት። በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። በሠርጉም በለቅሶውም ፈረሰኛ ከፈረሰኛ አይለይም። እኛስ? ከእኛ በፊት ተመርቀው በጓንጓ፣ በአንከሻ፣ በፋግታ ለኮማ ገጠር የሚያስተምሩትን ስንቶቻችን እናውቃለን? የትኛው ትምህርት ቤት የአገውኛ መምህር እንደጎደለው ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ቴሌግራም ይዘን ቀልድ ስንለዋወጥ እንውላለን፤ «መምህር፣ እዚያ እንዴት ነው?» ብሎ መጻፍ ግን ልመና ይመስለንና እናፍራለን።

ኧረ ልመናና ጥያቄ ለየቅል ናቸው! «አስቀጥሩን» ማለት ልመና ነው (ሥልጣኑም የላቸው)። ማስታወቂያው የት ይለጠፋል፣ ምን ማስረጃ ይዛችሁ ቀረባችሁ ማለት ግን ጥያቄ ነው። የዳንግላው ልጅ ማስታወቂያውን የሚያየው ቀኑ ካለፈ በኋላ ከሆነ ምኑን ተወዳደረው?

በበኩላችን የተመራቂዎች መዝገብ ይከፈት እንላለን፤ ስም፣ ወረዳ፣ ስልክ፣ ፈቃዳቸው ተጠይቆ። መምህራኖቻችን አድራሻ ያቀብሉን፤ መጻፉን እኛ እንችላለን። ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ባዶ ወረቀት ለጥፈናል።