ተሰናብቶ የሄደ ከዳተኛ አይባልም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኳስ ነው። «አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ» እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ የእኛው ጉዳይ ነው።

የምሠራው ሪያድ ፉጣ ነው፣ ከበጥሃ ብዙም አይርቅም። የቤቱ ትልቅ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የለየለት የሂላል ደጋፊ። አንሶላው ሳይቀር ሰማያዊ ነው፤ የማጥበው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። አባቱ ደግሞ የነስር ነው። ሁለቱ ክለቦች የሚገናኙ ቀን ሻይ የማቀርበው እየፈራሁ ነው። ቡናና ጊዮርጊስ በሚጫወቱበት ቀን አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ደጋፊ ቢኖር ብላችሁ አስቡት።

በፈረንጆቹ ጁላይ 2025 አጋማሽ ላይ ይህ ልጅ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ «ኻኢን! ኻኢን!» እያለ ጮኸ። ከዳተኛ ማለቱ ነው። ምን ሆነ ብዬ ከኩሽና ሮጥኩ። ለካ ጆርጅ ጄሱስ የሚባለው ፖርቱጋላዊ የቀድሞ አሰልጣኛቸው ወደ ነስር መግባቱን ሰምቶ ነው። አባትየው ይስቃል፣ ልጁ እንባው መጥቷል። እውነቴን ነው፣ አለቀሰ።

አልፈረድኩበትም። ይህ ሰው ለሂላል ያደረገው ቀላል አይደለም። በ2023/24 የሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ ከ34 ጨዋታ 31 አሸንፈው፣ 3 አቻ ወጥተው፣ አንድም ሳይሸነፉ ነው። በሁሉም ውድድሮች በተከታታይ 34 ጨዋታ አሸንፈው የዓለም ክብረ ወሰን ይዘዋል። በዚያው ዓመት የንጉሡን ዋንጫ ፍጻሜ በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፉት ይህንኑ ነስርን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማዶ ተሻግሮ ሮናልዶ ያለበትን ቡድን ላሠልጥን ሲል ደጋፊ ቢያመው ምን ይደንቃል? ደጋፊ ኮንትራት የለውም። የሚወደው በነጻ ነው፣ የሚጎዳውም ለዚያ ነው።

ግን አንድ ነገር ጠየቅኩት። በተሰባበረው አረብኛዬ፣ «መጀመሪያ ማን ነው ሂድ ያለው?» አልኩት። ዝም አለ። ነገሩን ሁሉ የማውቀው እሱው ራሱ ሲያወራ ሰምቼ ነው። በኤፕሪል መጨረሻ ሂላል በእስያ ቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ በአህሊ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። ብዙ ቀን ሳይቆይ፣ ሜይ መጀመሪያ ላይ፣ ክለቡና አሰልጣኙ ተስማምተው ተለያዩ። ያን ጊዜ ይኸው ልጅ «ይሂድ፣ ኸላስ፣ ሰልችቶናል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ሰውየው ሥራ ሲያገኝ ግን ከዳተኛ ሆነ። ታዲያ ምን ይብላ? ሥራው ማሠልጠን ነው። ሂላል ባይፈልገው ማንም አይፈልገው ማለት ነው?

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ2023 የሂላልንም የነስርንም 75 በመቶ ድርሻ የያዘው አንዱ የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ነበር። ደጋፊዎቹ በሰማያዊና በቢጫ ሲጣሉ የላይኛው ባለቤት አንድ ነበር። ባለቤቱን ግን ከዳተኛ ያለው ሰው አልሰማሁም። ስድቡ የወረደው ተቀጣሪው ላይ ነው።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የእኔ የሆነው። ያቺን ቃል ቀድሞም አውቃታለሁ። ማዳም ከእኔ በፊት የነበረችውን ልጅ ስታነሳ «ኻኢና» ነው የምትላት። ምን አድርጋ ነው ብዬ ሳጣራ፣ ሁለት ዓመቷን ጨርሳ አልቀጥልም ብላ ወደ አገሯ ገባች። ይኸው ነው ጥፋቷ።

የእኔም ሁለት ዓመት በቅርቡ ሞላ። በሺህ ሪያል ነው የምሠራው። ሌላ ቤት፣ የማዳም ዘመዶች ያልሆኑ፣ በሺህ አምስት መቶ በሕጋዊ ዝውውር ሊወስዱኝ ጠየቁ። ተደብቄ አልወጣሁም፣ በሌሊት አልጠፋሁም። አንድ ወር ቀድሜ ፊት ለፊት ተናገርኩ። ማዳም ያንኑ ቃል አወጣችው፤ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አባትየው ግን «ኮንትራቷ አልቋል» ብሎ ዝውውሩን በሙሳነድ አጸደቀልኝ። ልጁ ምንም አላለም። ማታ ላይ ኩሽና መጥቶ ውሃ ጠጣና «የምትሄጂበት ቤት ሂላል ናቸው ወይስ ነስር?» አለኝ። ሳቄ መጣ። አላውቅም አልኩት።

ልዩነታችንን ግን እንወቀው። አሰልጣኝ ጠበቃ አለው፣ ወኪል አለው፣ ቢያሰናብቱት የሚከፈለው ገንዘብ ውሉ ላይ ተጽፏል። እኛ የደመወዝ አለመከፈልን የመሰለ ምክንያት ከሌለን ለመዛወር በብዛት የከፊል እሺታ ያስፈልገናል። ስለዚህ እኔ እንደ ጄሱስ ነኝ አልልም። እሱ በሚሊዮን ነው የሚሄደው፣ እኔ አምስት መቶ ሪያል ልጨምር ነው። ግን ሁለታችንንም ሰዎች የሚጠሩን በአንድ ስም መሆኑ ገረመኝ።

የበለጠ የሚያሳዝነኝ ስሙን እኛም እርስ በርሳችን መጠቀማችን ነው። አንዷ እህታችን የተሻለ ቤት ገባሁ ብላ ስትነግረን «ጠገበች»፣ «ውለታ ቢስ»፣ «ያበሉሽን ሰዎች ጥለሽ» እንላለን። ውለታ ማለት ምን ማለት ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርታ ደመወዟን የተቀበለች ሰው ያልከፈለችው ዕዳ የለባትም። ታማኝነት እዚያ ቤት ሳለሽ የምትሠሪው ሥራ ነው፤ ለዘላለም እዚያው መቅረት አይደለም። ተደብድባ፣ ተርባ፣ ደመወዟ ተይዞባት ስላመለጠችው አላወራም። እሷማ ነፍሷን ነው ያተረፈችው።

ይህን ስል መለየት አያምም ማለቴ አይደለም። ትንሿ የቤቱ ልጅ እኔ ስመጣ ገና አትሄድም ነበር። አሁን ሻንጣዬን ስታይ ትይዘኛለች። ይህን እየጻፍኩም አንጀቴ ይላወሳል። ሊያመን ይችላል፣ ሊያማቸውም ይችላል። ሕመሙን ክህደት ብሎ መጥራት ነው ስህተቱ።

ለመዛወር ለምታስቡ ደግሞ አንድ ምክር ልጨምር። ትልቅ ቤት ሁሉ የተሻለ ቤት አይደለም። ደሴ ያለው ወንድሜ የቼልሲ ደጋፊ ነው፣ ከዲኤስቲቪ ቤት አይጠፋም። የጉዳዬን ነገር ሳማክረው ስለ ግርሃም ፖተር ነገረኝ። ሰውየው ብራይተን ላይ ተወዶ ይኖር ነበር። በሴፕቴምበር 2022 ወደ ትልቁ ቼልሲ ሄደ። በኦክቶበር መጨረሻ ቼልሲን ይዞ ብራይተን ሲመለስ የድሮ ደጋፊዎቹ ጮኹበት፣ 4 ለ 1ም ተሸነፈ። በኤፕሪል 2023፣ ሰባት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ቼልሲ አሰናበተው። ወንድሜ «ስሙን አይተሽ አትግቢ» አለኝ። እኔም ቤቱ ስንት ፎቅ ነው፣ ስንት ሰው አለ፣ የታመመ አዛውንት አለ ወይ፣ የዕረፍት ቀን አለ ወይ ብዬ ጠይቄ ነው እሺ ያልኩት። ሦስት ፎቅ ቪላ ውስጥ አሥር ሰው ካለ ጭማሪው አምስት መቶ ሪያል የወገብ ማሳከሚያ አይሆንም።

ሌላው፣ በሩን በጥፊ ዘግታችሁ አትውጡ። ይኸው ጄሱስ በ2015 ከቤንፊካ ወደ ጎረቤት ባላንጣው ስፖርቲንግ ሄዶ ሊዝበን ተናውጣ ነበር። በ2020 ግን ቤንፊካ ራሱ መልሶ ወሰደው። የሰው ነገር እንዲህ ነው። ደመወዛችሁን እስከ መጨረሻው ወር ተቀበሉ፣ አራት ዓመት ያገለገላችሁ ደግሞ በሕጉ የአንድ ወር ደመወዝ እንዳላችሁ እወቁ፣ ፓስፖርታችሁን በእጃችሁ ያዙ፣ ተሰናበቱና ውጡ።

እኔ ሐሙስ እወጣለሁ። ለልጁ ሰማያዊውን አንሶላ አጥቤ፣ ተኩሼ አስቀምጬለታለሁ። ከእንግዲህ አንዷ እህታችን «ቤት ቀየርኩ» ብላ ስትጽፍ ቢያንስ እኛ «እንኳን ቀናሽ» እንበላት። ሌላውን ስም የሚሰጣት አታጣም።