ጋሻው በየት ይፈተን?

የአሜሪካው ኤም1 አብራምስ ታንክ እ.ኤ.አ. በ1980 ለሠራዊቱ መድረስ ሲጀምር ብዙ የተነገረለት 1,500 የፈረስ ጉልበት ያለው ጋዝ ተርባይኑ ነበር። ተርባይኑ ትኩስ ጭሱን የሚተፋው በኋላ በኩል ነው። አንዱ ታንክ ተበላሽቶ ሌላው አብራምስ ከፊት ሆኖ ሲጎትተው ትኩሱ ጋዝ በቀጥታ የሚያርፈው በተጎታቹ ግንባር ላይ ነው። የሾፌሩም መቀመጫ እዚያው ነው። ስለዚህ በመካከል ሙቀት የሚከላከል ጋሻ፣ አለዚያም ጭሱን የሚያዞር መሣሪያ ያስፈልጋል።

ስሌቱን እንመልከት። 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ጥቁር ገጽ በስቴፋን-ቦልትዝማን ሕግ መሠረት ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 20 ኪሎዋት ገደማ ይረጫል። የቀትር ፀሐይ ለአንድ ካሬ ሜትር መሬት የምትሰጠው 1 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ነው። ጋዙ ራሱ ተሸክሞ የሚያመጣው ሙቀት ሲታከልበት ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። እንደ ሁለቱ ገጾች ጥቁር የሆነ ስስ ብረት በመካከል ቢገባ ጨረራውን በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ እጅግ አብልጦ ይቀንሰዋል።

ተንኮሉም ያለው በዚህ ማብለጭለጭ ላይ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ጋሻ እንደ መስተዋት ነው፤ ጥቀርሻና ጭቃ ከለበሰ በኋላ ግን ያው ብረት ሌላ ዕቃ ሆኗል። ስለዚህ ንጹሕ ናሙና በምድጃ ከትቶ «አለፈ» ማለት ለእኔ ፈተና አይባልም። ሜዳ ላይ መጎተትም አይበቃም። ክፉው ሁኔታ ረጅም ዳገት ነው፦ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነም የሚያቀዘቅዝ ነፋስ የለም። ነፋሱ ከኋላ ቢመጣማ ሙቀቱን እዚያው ያቆየዋል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው የሚል ተማሪ ልክ ነው፤ ጥንካሬውን ማጣት የሚጀምረው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው።

በቤተ ሙከራችን ተማሪዎች አንድ ንባብ ወስደው ደብተራቸውን ሲያጥፉ አያለሁ። ቴርሞካፕል በትኩስ ጋዝ ውስጥ ሆኖ ቀዝቃዛ ግድግዳ ከከበበው በጨረራ ሙቀት ስለሚያጣ ከጋዙ ያነሰ ያነባል፤ የተነበበው ቁጥር ሐሰተኛ መጽናኛ ይሆናል። የጋሻው መለኪያዎች በብረቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በሾፌሩ ፊት ከፍታም ይቀመጡ፤ ንባቡም ሙቀቱ መጨመሩን እስኪያቆም ድረስ ይቀጥል።