ገና ያልወጣው ሲስተም እና የቤታችሁ ላፕቶፕ

በቤታችሁ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ላፕቶፕ ካለ፣ ከቤተሰቡ አንዱ «ይሄ እኮ አብቅቶለታል» ብሎ ነግሯችሁ ይሆናል። አልተሳሳተም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ላፕቶፑ በዚያ ቀን አልሞተም። ዛሬም ይነሳል፣ ፊልም ያሳያል፣ የልጆቹን የቤት ሥራ ፕሪንት ያደርጋል። የቀረበት በየወሩ ይመጣለት የነበረው የደኅንነት ማስተካከያ ነው፤ እሱም ቢሆን ለተመዘገበ ሰው ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ይመጣል። ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳትሻገሩ ደግሞ አዲሱ ሲስተም ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በዘመድ ሻንጣ ከውጭ የመጣው የብዙ ቤት ላፕቶፕ ይህን አያሟላም።

በዚህ መሀል ነው ኮምፒውተር የሚወደው ልጃችሁ ብቅ የሚለው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ኮድ የሚሞክር፣ ከጓደኛው ፍላሽ ተውሶ የመጣ። «ገና ያልወጣ አዲስ ሲስተም አግኝቻለሁ፣ ልጫንበት?» ይላችኋል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ብላችሁ ልትመልሱለት ትችላላችሁ። እኔ ግን ፍቀዱለት ባይ ነኝ። የምከራከረው በየትኛው ኮምፒውተር ላይና ምን ከተደረገ በኋላ በሚለው ላይ ነው።

ማርኬቲንግ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። አንድ ምርት ገበያ ከመግባቱ በፊት ለጥቂት ሰዎች ይሰጣል፤ ይቀምሱታል፣ ይነቅፉታል፣ ይስተካከላል። በሶፍትዌር ዓለም ይህ የሙከራ ቅጂ ወይም ቤታ ይባላል። ልዩነቱ፣ ብስኩት የቀመሰ ሰው ካልጣመው ይተወዋል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን ኮምፒውተሩን ከመክፈት ጀምሮ ፋይሉን፣ ኪቦርዱን፣ ኢንተርኔቱን ሁሉ የሚያዝ ስለሆነ፣ ቀምሼ ልተወው ማለት ቀላል አይደለም።

ኩባንያዎቹም ይህን የቀማሽ ጉልበት ዋጋ በደንብ ያውቁታል። አፕል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2000 የማክ ኦኤስ ኤክስን የሙከራ ቅጂ በ29 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሸጦታል። ሰው ከኪሱ ከፍሎ የሌላ ድርጅትን ስህተት ይፈልግ ነበር ማለት ነው! ቅጂው እንደ እርጎ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ነበረው፤ በተከታዩ ዓመት ሜይ ላይ መሥራት አቆመ። ማይክሮሶፍት ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ዊንዶውስን ቀድመው ለሚሞክሩ ሰዎች ያዘጋጀው ፕሮግራም በነፃ ነው። ሆኖም የሚሞክረው ሰው ኮምፒውተሩ ስለ አሠራሩ ተጨማሪ መረጃ ወደ ኩባንያው እንዲልክ መፍቀድ ግድ ይለዋል። የሙከራ ቅጂ ደግሞ አፕዴት ይበዛዋል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ቤተሰብ «በነፃ» የሚለው ቃል ጥቅል ሲገዛበት ይታያል።

አደጋውን ሳላቀል ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 ትልቅ አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ዶክመንትና ፎቶ ሰርዞ ማይክሮሶፍት ሥርጭቱን በቀናት ውስጥ ለማቆም ተገዷል፤ ተስተካክሎ የተመለሰው በኖቬምበር አጋማሽ ነው። ይህ የሙከራ ቅጂ አልነበረም፣ «አልቋል» ተብሎ የወጣው ነበር። የሚያስቆጨው፣ ቀደም ብለው ሲሞክሩ ከነበሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ፋይላቸው መጥፋቱን ሪፖርት አድርገው ነበር። ብዙ ሰው ስላልደገፋቸው ሪፖርታቸው ከሺዎች ሌላ ሪፖርት ሥር ተቀብሮ ቀረ። ስለዚህ «ያለቀለት ነው» የተባለውም ቢሆን ፎቶ ያጠፋል። ልጃችሁ የሙከራ ቅጂ ቢጭንም ባይጭንም፣ የሠርጋችሁና የልጆቻችሁ ክርስትና ፎቶ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ከሆነ አደጋው ቤታችሁ ገብቷል።

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ የሆነችው ይጁቤ ውስጥ የእኅቴ ባለቤት የሒሳብ መምህር ነው። ፕሮግራሚንግ በራሱ የተማረ ሰው ነው፤ ለመዝናኛ ብሎ የጀመረው ዛሬ የተማሪዎቹን ውጤት የሚደምር ፕሮግራም እስከ መጻፍ አድርሶታል። ባለፈው ዓመት ከመውጣቱ በፊት የሞከረው ነፃ ሲስተም ይጁቤ የደረሰው በኢንተርኔት አልነበረም። ከአምስት ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል በሞባይል ዳታ ማውረድ ስለከበደው ደብረ ማርቆስ ያለ ጓደኛው አውርዶ በፍላሽ ገልብጦለት፣ በመንገደኛ ኪስ ነው የሄደው።

እኅቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለችው፤ «የልጄ ፎቶ ያለበትን ላፕቶፕ እንዳትነካ።» እሱም አልነካም። ማያያዣው የላላ፣ ባትሪው የደከመ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረው፤ ሥራውን በዚያ ላይ ጀመረ። ሲስተሙ ተጫነ፣ አማረም፤ ዋይፋይ ግን አልታየውም። አዲሱ ሲስተም የዋይፋይ ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር አልነበረውም፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ያዳነው የስልኩ ቻርጀር ገመድ ነው። ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ፣ ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ኢንተርኔት በዩኤስቢ ማጋራትን አብርቶ፣ የጎደለውን አወረደ። ይህችን ዘዴ ያዟት፤ ዊንዶውስ ፎርማት አስደርጋችሁ ዋይፋይ እምቢ ሲልም ትሠራለች።

እንግዲህ ልጃችሁን «እሺ» ከማለታችሁ በፊት ሦስት አራት ነገር ጠይቁት። መጀመሪያ ፎቶውና ዶክመንቱ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፤ ከተገለበጠም በኋላ ሃርድ ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ጥቂት ፎቶዎች ተከፍተው ይታዩ። ያልተከፈተ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም። ቀጥሎ «መጫን አለበት ወይ?» በሉት። ኡቡንቱንና አብዛኞቹን የሊኑክስ ዓይነቶች በላፕቶፑ ላይ ምንም ሳይጭኑ ከፍላሹ አስነስቶ ማየት ይቻላል። ቀርፈፍ ይላል፣ ሲጠፋም የሠራችሁበት አብሮ ይጠፋል፤ ነገር ግን ሃርድ ዲስኩ እንዳለ ይቆያል። የዊንዶውስ የሙከራ ቅጂ ከሆነ ደግሞ በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም በሚከፈት ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ይሻላል። ለዚህ ግን ላፕቶፑ በቂ ሜሞሪ ይፈልጋል።

መጫኑ የግድ ከሆነ «ዲስኩን በሙሉ አጥፋ» የሚለው ምርጫ ላይ ሲደርስ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ስለ ኮምፒውተር ማወቅ አይጠበቅባችሁም። «ይሄ የትኛው ዲስክ ነው?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ብቻ ብዙ ፎቶ ያድናል። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ የውስጣቸው ፋይል ተመስጥሮ ነው የሚሸጡት፤ አነሳሱ ሲነካካ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል። አካውንቱን የከፈተላችሁ የሱቁ ልጅ ከሆነ ግን… ቀድማችሁ ቁልፉን አግኙና ወረቀት ላይ ጻፉት። መብራት ሊጠፋ እንደሚችልም አትርሱ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ በመሀል መብራት ከሄደ አሮጌውም አዲሱም ሲስተም የማይነሳበት አጋጣሚ አለ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ችሎ መሞከር ለምን ያስፈልጋል? ልጁ ይማርበታል፤ ይህ ግልጽ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የፊደላችን ጉዳይ ነው። ዕድሜያችሁ ከፍ ያለ አንባቢያን ታስታውሱታላችሁ፤ በአንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ የሆነው የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ፊደላችንን የሚያሳይ «ኒያላ» የተባለ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የላከው በ2007 ለገበያ ከወጣው ቪስታ ጀምሮ ነው። ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ ስትጭኑ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛን ታገኛላችሁ፤ ያንን የተረጎሙት በፈቃደኝነት ሰዓታቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው። ሊኑክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የጀመረው ሥራ ነው።

አንድ ሲስተም ሲሠራ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው መሀላቸው ከሌለ ማንም የማያያቸው ስህተቶች አሉ። ልጃችሁ እነዚህን ይሞክር። አንድ ፎልደር ፈጥሮ «የእማማ ሠርግ» ብሎ ይሰይመው። ከዚያ «ሰርግ» ብሎ ይፈልገው። እኛ ሁለቱን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሠ እና ሰ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ እንዲሁ። አያት «ፀሐይ» ብለው ያስቀመጡትን ፎቶ የልጅ ልጅ «ጸሀይ» ብላ ብትፈልግ ላታገኘው ትችላለች፤ ፎቶው ሳይጠፋ ጠፋ ማለት ነው። ፎልደሩን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈት፤ ስሙ በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ተተክቶ እንደሆነ ይይ። ኪቦርዱን አማርኛ ላይ ትቶ ኮምፒውተሩን ይዝጋና የይለፍ ቃሉን ለማስገባት ይሞክር። በላቲን ፊደል ያወጣውን ቃል በአማርኛ ኪቦርድ ሲመታ «ስህተት» ተብሎ ከገዛ ኮምፒውተሩ የተባረረ ሰው አውቃለሁ።

ስህተት ሲያገኝ ለእናንተ ነግሮ ብቻ አይተወው። ለዊንዶውስ ፊድባክ ሃብ የተባለው ፕሮግራም አለ፣ ለኡቡንቱ ላውንችፓድ አለ። «አማርኛ አይሠራም» የሚል ሪፖርት ማንም አያነሳውም። ምን እንዳደረገ በቅደም ተከተል፣ ምን ይሆናል ብሎ እንደጠበቀ፣ በምትኩ ምን እንደሆነ፣ በቀላል እንግሊዝኛ ከስክሪን ፎቶ ጋር ይጻፍ። ከ2018ቱ የፋይል መጥፋት በኋላ ማይክሮሶፍት ሪፖርት አድራጊው ችግሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚጠቁምበት ቦታ ጨምሯል። ፋይል ከጠፋ እዚያ ላይ «ከባድ» ይበል፤ በይሉኝታ «ቀላል» እንዳይል።

የይጁቤው መምህር የአማርኛ ፍለጋውን ችግር ለመጻፍ ሁለት ምሽት ፈጅቶበታል። መጀመሪያ የጻፈው ሁለት ገጽ ነበር፤ እኅቴ አንብባ «ማን ያነብልሃል?» ስላለችው ወደ ዘጠኝ መስመር አወረደው። ስክሪን ፎቶዎቹ ከባድ ስለነበሩ ሁሉንም ፍላሹ ላይ አስቀምጦ፣ ቅዳሜ ለሌላ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሲወጣ ከጓደኛው ቤት ላከው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣለት መልስ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሐ እና ኀ ላይም እንደዚያው ይሆናል ወይ የሚል።