«ለማይራመድ ልጅ አጥንት ምን ያደርግለታል?»

«እሱ እንደሁ አይራመድ፤ አጥንቱ ቢጠነክር ምን ያደርግለታል?»

ውድ አንባቢ፣ ይህን የተናገረው ሰካራም እንዳይመስልህ። ነጭ ጋውን ያጠለቀ የተማረ ሰው ነው። የተባለችው ደግሞ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን የ8 ዓመት ልጇን አዝላ፣ ከሰሚት ኮንዶሚኒየም በሁለት ታክሲ ተሳፍራ የመጣች እናት ናት። የተቋሙን ስም አላነሳም። የአንድ ሰው አፍ አዳልጦት ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ፤ ችግሩ ብዙዎቻችን በሆዳችን የያዝነውን ነው እሱ አውጥቶ የተናገረው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እናቲቱ ልጇን ሱሪ ስታለብሰው ጭኑ፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ፣ ቋ አለ። አልወደቀም፣ ማንም አልመታውም። አፍ አውጥቶ «አመመኝ» ማለት አይችልምና ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት አለቀሰ። አንዷ ጎረቤት «ምች ነው» አለች። ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» አለች። በሦስተኛው ቀን እግሩ ሲያብጥ ራጅ ተነሳ፤ ስብራት! ከዚያ ወዲያ ደግሞ «ምን አድርገሽው ነው?» የሚል አስተያየት መጣ። ስምንት ዓመት በጀርባዋ የተሸከመች እናት በአንድ ጀምበር ወንጀለኛ ሆና አረፈችው።

እናትየው አልሰበረችውም! አጥንት እንደ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ሥራ ካጣ ይከሳል። ሌላው ልጅ ሲሮጥና ሲዘል አጥንቱ ሸክም እየቻለ ይወፍራል። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንት ግን እየሳሳ ይሄዳል። በዚያ ላይ መዋጥ ስለሚቸግረው የሚበላው ከሌላው ልጅ ያንሳል። የሚጥል በሽታ ካለበትም እንደ ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን ያሉት መድኃኒቶች ሰውነቱ ያለችውን ቫይታሚን ዲ ቶሎ እንዲጨርስ ያደርጋሉ። እንዲህ ያለው አጥንት ልብስ ሲቀየርለት፣ ሲታጠብ፣ ከአልጋ ሲነሳ ሊሰበር ይችላል። የሚበዛውም ልክ እንደዚህ ልጅ ከጉልበት በላይ ነው። ዓለም ያወቀው ነገር ነው፤ ለእናቲቱ ግን የነገራት የለም።

ፀሐይስ? ሀብተሥላሴ ታፈሰ ይህችን አገር «የ13 ወር ፀጋ» ብለው ለዓለም አስተዋወቁ። ፀጋው ለማን ደረሰ? አዳማ አካባቢ በተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ልጆች 42 ከመቶው የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው፣ የከተማዎቹም ከገጠሮቹ ብሰው እንደተገኙ ጽፏል። እነዚህ እንግዲህ በእግራቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ናቸው! አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃ ተጋርዶበት የሚውለውን ልጅ አስቡት። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ ደግሞ ያሞቃል እንጂ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። «ሰው ያየዋል» ብለን የምንደብቀው ልጅ፣ የደበቅነው ከሰው ብቻ አይደለም፤ ከፀሐይም ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ፓሚድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባሉ፣ በደም ሥር የሚሰጡ አጥንት ማጠንከሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ፓሚድሮኔት ያገኙ የሴሬብራል ፓልሲ ልጆች የጭን አጥንት ጥግግት በ18 ወር ውስጥ 89 ከመቶ ሲጨምር፣ ያላገኙት 9 ከመቶ ብቻ ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ስድስት ጥንድ ልጆች ብቻ። አጥንቱ መጠጋጋቱ ስብራትን ምን ያህል እንደሚያስቀር ገና በትልልቅ ጥናት አልተረጋገጠም። ቫይታሚን ዲው ሳይሞላ ከተሰጠም የደም ካልሲየምን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርድ ይችላል፤ ኩላሊትም መታየት አለበት። ስለዚህ ዘመድ በቦሌ ኤርፖርት በሻንጣ ያመጣውን ብልቃጥ ሰፈር ክሊኒክ ወስዶ «ውጉልኝ» ማለት ልጅን ለአደጋ መስጠት ነው። እናቶች ሆይ፣ ይህን አደራ!

ታዲያ መድኃኒቱ አይጠቅምም ማለት ነው? ኧረ በፍጹም! ያለምንም ግፊት አንዴ የተሰበረ ልጅ ሁለተኛ እንዳይሰበር፣ የሚያውቅ ሐኪም መርምሮት «ያስፈልገዋል» ሲል ማግኘት አለበት። ከሁሉ በፊት ያለው ግን ርካሹ ነው፦ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ ወተትና እንቁላል፣ ፀሐይ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳየውን አናጢ ሊሠራው የሚችል መቆሚያ። ይህም ብርቅ ሆኖብን ነው?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት ይመድባል ይላል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቀናል። «አቅም በፈቀደ»! ከመገናኛ ቦሌ ድረስ በኮሪደር ልማት የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል። ይሁን፣ ክፋት የለውም። ግን እዚያ መንገድ ላይ የማይወጣውን ልጅ አጥንት ለማየት አቅማችን የሚያልቀው ለምንድን ነው?

የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስድና ለማይራመድ ልጅ ሁሉ ቫይታሚን ዲ አብሮ እንዲታዘዝ መመሪያ ያውጣ፤ ካለም ያስፈጽም። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ ለተሰበሩት ልጆች የሚያስፈልገው መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታል በኩል እንዲገኝ የሚያደርገው እንዴትና መቼ እንደሆነ ይንገረን። ሐኪሞችም የማይናገር ልጅ ያለማቋረጥ ሲያለቅስ መጀመሪያ ስብራት ይጠርጥሩ፤ እናቲቱን ከመጠርጠራቸው በፊት!

ያን ሰውዬ አንድ ነገር ልበለውና ላብቃ። «አጥንት ምን ያደርግለታል?» ላልከው፣ መልሱ ቀላል ነው፦ እናቱ ሱሪ ስታለብሰው አይሰበርበትም። ይኼ አነሰ?

ጆሮ ያለው ይስማ። ቸር ወሬ ያሰማን!