ተደራሽነት ከግዥው ይጀምር
በላስ ቬጋስ ከተማ አስተዳደር ወይም በክላርክ ካውንቲ የሚሠራ ዐይነ ስውር፣ ስክሪን አንባቢ ሶፍትዌሩ ሊያነበው የማይችል የበይነ መረብ ሥልጠና ቢሰጠው ጉድለቱ የሥልጠናው እንጂ የእርሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በሥራ ሥልጠና አድልዎን ይከለክላል። «ሲጠየቅ ይስተካከላል» የሚለው አሠራር ግን የአሠሪውን ግዴታ በሠራተኛው ትከሻ ላይ ይጭናል፤ ማስተካከያው እስኪደርስም ሥልጠናውም ዕድገቱም ያመልጡታል።

ስለዚህ ቁጥጥሩ ከግዥው ይጀምር። የፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2024 ለክፍለ ግዛትና ለአካባቢ መንግሥታት ድረ ገጾች የደነገገው የተደራሽነት መለኪያ፣ ደብሊውካግ 2.1 ደረጃ ኤኤ፣ በሥልጠና ውሎችም ውስጥ ይግባ። ንግግሩ በጽሑፍ ያልታጀበ ቪዲዮና ያለ ማውስ የማይሠራ ፈተና አይገዛ። አካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ሳይሞክሩትም ክፍያ አይፈጸም።