የወፍ በሽታ ከወፍ ነውን?

በዛሬው የጤና አምዳችን ስለ ጉበት እንነጋገራለን። ያነሣነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከማታ ተማሪዎቻችን አንዱ ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረ። እሱ የማይቀር ሰው ነው። እኛም ልንጠይቀው ከቤቱ ሄድን። ምድጃው አጠገብ ተኝቷል። ዐይኑ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኗል። ሽንቱም እንደ ጠቆረ ሻይ መሆኑን ነገረን። እናቱ ከራስጌው ተቀምጠዋል።

«የወፍ በሽታ ነው ልጆቼ» አሉን። «ማታ ከደጅ ሲወጣ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው። ነገ ክንዱን በቅጠል ከሚተኩሰው ሰው ዘንድ እንወስደዋለን።»

«እማማ፣ ከመተኮሱ በፊት ሐኪም ቢያየው ምን ይመስልዎታል?» አልናቸው።

«ሐኪም ደግሞ የወፍ በሽታ የት ያውቃል?» አሉ።

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም ጻፍነው።

ጉበት ምን ይሠራል?

በሬ ሲታረድ ጉበቱን ሁላችንም አይተናል። የሰው ጉበትም ሥራው እንደዚያው ነው። ቦታው በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ነው። የበላነውን ምግብ ለሰውነት እንዲስማማ ያዘጋጃል። መርዝን ያጣራል። ሐሞትን ይሠራል።

በሰውነታችን ውስጥ ያረጀ ደም ሲፈርስ ቢጫ ነገር ይወጣዋል። ጉበት ይህን ቢጫ ነገር ከደም ለቅሞ፣ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። ጉበት ሲታመም ግን ቢጫው ነገር በደም ውስጥ ይቀራል። ያን ጊዜ ዐይን ቢጫ ይሆናል። ሽንትም ይጠቁራል። እንግዲህ የሌሊት ወፏ በዚህ ነገር የለችበትም።

ታዲያ ምን ያመጣዋል? ብዙ ነገር ያመጣዋል። ወባ ሲበረታ ዐይንን ቢጫ ያደርጋል። የሐሞት ጠጠርም እንዲሁ። አረቄ ማብዛት ጉበትን ይጎዳል። አንዳንድ የሚጠጣ የቅጠል መድኃኒትም ይጎዳዋል። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ቫይረስ አለ።

ቫይረስ ማለት ከማነሱ የተነሣ በዐይን የማይታይ፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚራባ ተሕዋስ ነው። ኩፍኝንና ጉንፋንን የሚያመጡትም ቫይረሶች ናቸው። ጉበትን የሚያጠቁት ቫይረሶች ልዩ ልዩ ናቸው። ሄፓታይተስ ኤ እና ሄፓታይተስ ኢ የሚባሉት በተበከለ ውሃና ምግብ ይገባሉ። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለቃሉ። ሄፓታይተስ ኢ ግን ለነፍሰ ጡር ሴት አደገኛ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ደግሞ በደም ይተላለፋል። ብዙ ዓመትም በሰውነት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። የዛሬው ነገራችን በይበልጥ ስለ እሱ ነው።

የተዳፈነ እሳት

ማታ እሳት ስታዳፍኑ ከላይ የሚታየው አመድ ነው። ፍሙ ግን ከሥር አለ። ሄፓታይተስ ቢም እንደዚሁ ነው።

ይህ ቫይረስ ትልቅ ሰው ሲይዝ፣ ከ100 ሰዎች ከ5 ባነሱት ላይ ብቻ ሥር ሰዶ ይቀራል። ሌሎቹን ይለቃቸዋል። ሕፃን ሲይዝ ግን ከ100 ሕፃናት በ95ቱ ያህል ላይ ይቀራል። የሚበዛው ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ ወይም በሕፃንነት ነው።

ልጁ ያድጋል። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ትዳር ይይዛል። 20 ወይም 30 ዓመት ምንም ላያመው ይችላል። ቫይረሱ ግን በውስጥ ሆኖ ጉበቱን ጥቂት በጥቂት ያቆስለዋል። ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል። ጉበቱ ይደነድናል። በመጨረሻ ሆድ ውሃ ቋጥሮ ይነፋል፤ ወይም የጉበት ካንሰር ይመጣል። ይህ በሁሉም ላይ አይደርስም። ቫይረሱ ከቀረባቸው ትልልቅ ሰዎች ከ100 ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ላይ ነው የሚደርሰው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ይህ ቫይረስ በደማቸው ያለ ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ። በዚያው ዓመት 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእሱ ምክንያት ሞተዋል።

ከእኛው መካከል

ይህን ስንጽፍ ስለ ሌላ ሰው ብቻ እየተናገርን አይደለም። ከእኛ ከአስተማሪዎቹ አንዱ ስሜን አትጻፉ፣ ታሪኬን ግን ጻፉት ብሎናል።

ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት በዩኒቨርሲቲ ሳለን ደም ለገስን። ከጥቂት ቀን በኋላ እሱ ብቻ ተጠራ። በደሙ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘ። እሱ ግን ኳስ የሚጫወት፣ ራሱን እንኳ አሞት የማያውቅ ልጅ ነው።

«በቤታችሁ በጉበት የታመመ ሰው ነበር?» ብላ ነርሷ ጠየቀችው።

ነበር። ታላቅ ወንድሙ ከስድስት ዓመት በፊት ሞቷል። ዐይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ ቀጥኖ ነበር። ከመታመሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ከጎረቤት ቤት ጠላ ጠጥቶ ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ «በጠላው ውስጥ መድኃኒት አቅምሰውት ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ ቤቶች መካከል ቡና መጠራራት ቀረ። እሳት መጫጫር ቀረ። ልጆቹ እንኳ ከብት ሲያግዱ አይነጋገሩም ነበር።

ጓደኛችን ከሐኪሙ ተመካክሮ እናቱንና እኅቶቹን አስመረመረ። ቫይረሱ በእናቱና በአንዲት እኅቱ ደም ውስጥም ተገኘ። እናቱም አንድም ቀን አሟቸው አያውቅም። ወንድሙ ሳይመረመር ስለ ሞተ፣ ይህ ነው የገደለው ብሎ የሚምል ሐኪም የለም። ነገር ግን ሐኪሙ ሲያስረዳቸው፣ እንዲህ ያለ ሕመም በአንድ ጠላ አይመጣም፤ ሲጠነሰስ ዓመታት ይፈጃል አላቸው።

እናቲቱ ሰምተው ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን ለብሰው ወደዚያ ጎረቤት ቤት ሄዱ። እዚያ ምን እንዳሉ ለልጃቸውም አልነገሩትም። ቡናው ግን ዛሬ ይጠራራል።

ቫይረሱ እንዴት ይተላለፋል?

በደም ይተላለፋል። በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይተላለፋል። ለብዙ ሰው በሚያገለግል ምላጭና መርፌ ይተላለፋል። እንጥል ሲቆረጥ፣ ንቅሳት ሲነቀስ፣ ዋግምት ሲደረግ፣ ግርዛት ሲፈጸም ያልተቀቀለ ስለት አደጋ ነው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ 7 ቀን ያህል ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። የደረቀ ደም ስለሆነ አይጎዳም አትበሉ።

አብሮ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመጨባበጥ፣ በማሳል አይተላለፍም። እናት ጡቷን ብታጠባ አይከለከልም፤ ይልቁን ልጇ ይከተብ። ስለዚህ ቫይረሱ ያለበትን ሰው ከገበታ ማራቅ ግፍ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወባም ይሁን ቫይረስ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ክንድን መተኮስ ቁስል ይጨምራል እንጂ ጉበትን አያድንም።

ሁለተኛ፦ በቤታችሁ በጉበት የታመመ ወይም የሞተ ካለ፣ ሁላችሁም ደማችሁን ተመርመሩ። ቫይረሱ ያልተገኘበት ሰው መከተብ ይችላል። የተገኘበትም ተስፋ አይቁረጥ። በቀጠሮው ይታይ። አረቄ ይተው። ሐኪም ካዘዘለት በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ። ክኒኑ ብዙ ጊዜ ቫይረሱን ጨርሶ አያጠፋውም፤ ግን አዳክሞ ይይዘዋል። ክኒኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፦ ነፍሰ ጡር ሴት በክትትሏ ጊዜ ትመርመር። በጤና ተቋም ትውለድ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ እጅግ ይጠቅማል። ሲወለድ ይሰጠው እንደሆነ አዋላጇን ጠይቁ።

አራተኛ፦ ሕፃናትን አስከትቡ። በአገራችን ይህ ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከትክትክና ከመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጋር በአንድነት ለሕፃናት መሰጠት ጀመረ። የሚሰጠው በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው። ታይዋን የምትባል አገር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1984 ጀምሮ አራስ ልጆችን ከተበች። ከዚያ በኋላ በልጆች ላይ ይታይ የነበረው የጉበት ካንሰር እየቀነሰ ሄደ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ሥራ እንስጣችሁ። የልጃችሁን የክትባት ካርድ ከሣጥን አውጡ። እናንተው ራሳችሁ አንብቡት። ሦስቱም ቀኖች ተጽፈዋልን? ያልተጻፈ ካለ ነገ ወደ ጤና ኬላ ሂዱ።

ያ ተማሪያችንስ?

በማግስቱ ጎረቤቶቹ በበቅሎ ጭነው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ደሙ ተመረመረ። ወባ የለበትም። ሄፓታይተስ ቢም አልተገኘበትም። ሐኪሙ በውሃ የሚገባው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም አለው። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ብሎ ቤተሰቡን መከረ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዐይኑ ነጻ፤ ወደ ትምህርቱም ተመለሰ። እናቱ ግን አሁንም የሌሊት ወፏን አላመኗትም። «ወፏን ይጠንቀቁ እማማ፣ ግን ውሃውንም ያፍሉ» አልናቸው። ሳቁና እሺ አሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. ጉበት ሲታመም ዐይን ለምን ቢጫ ይሆናል?
2. በመንደራችሁ አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው የሚያገለግለው መቼ መቼ ነው? በምን ትለውጡታላችሁ?
3. በሕመም ምክንያት የተቀያየሙ ጎረቤቶች ታውቃላችሁ? ምን ብትሏቸው ይበጃል?