ለታሰረ ፍጡር ምግብ መምረጥ



በከተማችን ጎልድፊሽ የሚባሉትን ወርቅማ ዓሦች በመስታወት ገንዳ አድርገው ለልጆቻቸው የሚያመጡ ቤተሰቦች አሉ። እንስሳ በቤት መያዝ ለዲናችን እንግዳ አይደለም። የሶሐቢዩ አነስ ኢብን ማሊክ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ እየጠየቁ ያጫውቱት ነበር። ከዚህ በመነሳት ብዙ ዑለሞች ልጅ እስካላሰቃየው ድረስ እንስሳ ይዞ መጫወት እንደሚፈቀድለት ገልጸዋል።

ሌላም ሐዲስ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት አንዲት ሴት ድመት ዘግታባት በመሞቷ ለእሳት ተዳርጋለች። ጥፋቷ ምን ነበር? አላበላቻትም፤ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። እንግዲህ በመስታወት ውስጥ ያለ ዓሣ ከዚያች ድመት በምን ይለያል? ወጥቶ ትል አይፈልግም፤ ሲርበውም አይጮኽም። አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቁን በእኛ እጅ በኩል አድርጎለታል። ስለዚህ የምግቡ ምርጫ የአማና ጉዳይ ነው።

ብዙ ጊዜ ለዓሣው የሚጣልለት የእንጀራ ወይም የዳቦ ፍርፋሪ ነው። ደግነት ይመስላል፤ ግን ይጎዳዋል። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም፤ የሚስማማው በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጥ ምግብ ነው። የተረፈው ፍርፋሪም ይበሰብስና አሞኒያ የሚባል መርዝ በውሃው ውስጥ ይፈጥራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የተበላሸውን ቶሎ መቀየር ቀላል አይደለም።

ስለዚህ የታሸገ ደረቅ ምግብ ይሻላል። ጠዋት ሁሉም ወደ ሥራና ወደ ትምህርት በሚሮጥበት ቤት ምቾት መፈለግ ነውር አይደለም። ሲገዛ ግን አራት ነገሮች ይታዩ።

አንደኛ፣ ለየትኛው ፍጡር እንደተሠራ ነው። ወጣቶች በስልካቸው የሚያዩት፣ መተንፈሻውን ከአንገቱ ጎን እንደ ላባ ያንጠለጠለው የሜክሲኮው አክሶሎትል ሥጋ በል ነው። ሳያኝክ ስለሚውጥ የሚስማማው የምድር ትል፣ ወይም ፕሮቲኑ የበዛና ወደ ታች የሚሰምጥ ለስላሳ እንክብል ነው። ጎልድፊሽ ግን ተክልም ሥጋም ይበላል። ሁለቱም በውሃ ቢኖሩም የአንዱ ምግብ ለሌላው አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ይዘቱ ነው። ከዓሣና ከእህል መሠራቱ በግልጽ የተጻፈበት እያለ፣ ከምን እንስሳ እንደመጣ የማይታወቅ ተረፈ ሥጋ ያለበትን ወደ ሙስሊም ቤት ማስገባት ለምን ያስፈልጋል?

ሦስተኛ፣ መጠኑ ለዓሣው አፍ የሚበቃ ይሁን፤ ጠንካራ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ በውሃ ይረስርስ።

አራተኛ፣ የአገልግሎት ጊዜው ነው። ማሸጊያው ከተከፈተ በኋላ ቫይታሚኑ እየቀነሰ ስለሚሄድ ትንሹን እሽግ መግዛትና እርጥበት በሌለበት ቦታ ማስቀመጥ ይበጃል።

አሰጣጡም ልክ አለው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልቶ የሚጨርሰው ቁንጥር ይበቃል። እንደ ካራ ባለ የእንጦጦ ተራሮች ብርድ በሚነፍስበት ሰፈር በኅዳርና በታኅሣሥ ውሃው ሲቀዘቅዝ ምግብ የመፍጨት አቅሙ ስለሚቀንስ ከዚህም ይቀነስለት።

ለዒድ ወደ ዘመድ አገር ስንሄድ ደግሞ እንዳይርበው ብለን እፍኝ ሙሉ በትነንለት አንሂድ። ጤነኛ ትልቅ ጎልድፊሽ ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ ይቆያል፤ የሚገድለው የበሰበሰው ትርፍ ነው። ጉዞው ከረዘመ የየቀኑን ድርሻ በወረቀት ጠቅልሎ ለጎረቤት አደራ መስጠት ነው።

ወላጆች ሆይ! ሥራውን ለአንድ ልጅ ስጡት፤ ማታ ማታ ግን አብራችሁ እዩ። መናገር የማይችለውን ፍጡር ረሃብ ማሰብ የለመደ ልጅ የሰውን ረሃብ አይረሳም። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ቤት ግን ዓሣውን ባይገዛው ይሻለዋል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም።